በሥልስቱ ቀን የዘረጋሁት ጉርሻ

ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ሸራ ማጠፍ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ባለችው ጠባብ ግቢያችን የአደን ካምፑን ትልቅ ድንኳን ፀሐይ አስመትተን፣ እሱ በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው ይዘን ወደ መሃል ተጠጋን። ጌታሁን እጥፋቱ ከተዛባ ይነጫነጫል።

«ወደ ቀኝ ሳቢው እንጂ! አስተማሪ ሆነሽ ቀኝሽን አታውቂም?»

«የማን ቀኝ? የአንተ ነው የኔ?»

«የድንኳኑ!»

ስንስቅ ሸራው ከእጄ አመለጠ። እንደገና አነሳነው። አጥፈን ጨርሰን በገመድ ሲያስር ጉልበቱን ሸራው ላይ ተክሎ፣ «ጣትሽን እዚህ አድርጊልኝ» አለኝ። ቋጠሮው ላይ ጣቴን አደረግሁለት። አጠበቀው። ጣቴን አወጣሁ። ከዚያ በኋላ አብረን የሠራነው ነገር የለም።

ያን ጊዜ ኮተቤ ተምሬ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ፣ በሰፈራችን አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ የግል ድርጅት የበዛበት፣ ሞባይል ግን ገና በየሰው እጅ ያልገባበት ዘመን ነው። ጌታሁን የውጭ አገር አዳኞችን ወደ ቆላው ሜዳ በሚወስድ አንድ ድርጅት ውስጥ የጉዞ አሰናጅ ነበር። ጠመንጃ አይተኩስም፤ ለተኩሱ ሌላ መሪ አለ። የእሱ ሥራ ከዚህ እስከ አዋሽ ማዶ ያለው ሌላው ነገር ሁሉ ነው። ማን ይሄዳል፣ የት ይታደራል፣ ውሃው ከማን ጉድጓድ ይቀዳል፣ ሥጋውን ማን ይወስዳል።

የሥጋውን ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እሱ የኔ ታሪክ አይገባም። በዚያ ሜዳ ሳላና የሜዳ ፍየል ሲታደን ፈረንጁ የሚፈልገው ቀንዱንና ቆዳውን ነው። ሥጋው የአገሬው ነው። አገሬው ደግሞ እስላም ነው፤ በጥይት የሞተ አይበላም። አውሬው ነፍሱ ሳትወጣ እስላም ደርሶ ካልባረከው ያ ሁሉ ሥጋ ጥንብ ነው። ስለዚህ ጌታሁን ጉዞ ሲያቅድ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ቆዳ ገፋፊውን ሁሴንን ነበር። ጥይቱ እንደጮኸ ሁሴን ከመኪና ዘሎ ቢላዋውን ይዞ ይሮጣል። ለማያውቀው ፈረንጅ ግራ ነው። አንዱማ፣ «ይህ ሰው አውሬዬን ሊቀማኝ ነው?» ብሎ ነበር አሉ። ለክርስቲያኖቹ የካምፕ ሠራተኞች ደግሞ በግ ከከተማ ይጫናል። ድስቱም ሁለት፣ ቢላዋውም ሁለት ነው።

እኔ በዚህ እቀልድበት ነበር። «ለአንድ ሳላ ይህ ሁሉ ቄስና ሼህ!» እለዋለሁ።

«ከርከሮ ሲመቱ ብታዪን» ይላል። «ያን ጊዜ ቄሱም ሼሁም ይሸሻል። ፈረንጆቹ ብቻቸውን ይጠብሱታል።»

የዚያ ሰሞን እንግዶች ሁለት ናቸው፤ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅና የልጁ ባል። ጌታሁን ከጉዞ በፊት እንግዶቹን ሁሉ እንጦጦ ዳገት ላይ በእግር ያስኬዳቸዋል። ጫማቸውን እንዲፈትኑ ነው ይላቸዋል እንጂ የሚፈትነው እነሱን ነው። ማን ይታገሣል፣ ማን ይቸኩላል፣ ማን ደክሞት አልደከመኝም ይላል። «ሜዳ ላይ ሁሉም ጀግና ነው፤ ሰው የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው» ይለኝ ነበር። ሸራውን አስረን እንደጨረስን እጁን ታጠበ፣ ኮፍያውን አደረገና ይዟቸው ወጣ።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ፈረንጅ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። እንዳየሁት ገባኝ። ጌታሁን እንጦጦ ማርያም ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠ ቀረ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሁለቱ ፈረንጆች ተሸክመው እስከ መኪናው አውርደውታል። ያ ሽማግሌ ያለቀሰውን ለቅሶ አልረሳም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሞቱ አይደለም። ስለ ሞቱ ለመጻፍ ዛሬም አቅም የለኝም። የምጽፈው ከሞቱ በኋላ በሥልስቱ ቀን ስለሆነው ነው።

ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም አልነበረም። ድርጅቱ በግ ልኮ ነበር። የዕድሩ ሴቶችም ሁሉንም በሥጋ ሠርተውት፣ በዚያ ቀን ሽሮ የነካ ሰው አልነበረም። በሰፈራችን የሐዘንም የደስታም ድግስ ሲኖር ለእስላም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ይዘጋጃል። በዚያ ቀን ግን እነሱ በጠዋት ደርሰው አስተዛዝነውን ሄደው ነበር። ሌላ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐጂ ኡመር መጡ።

ስማቸውን ለዓመታት ከጌታሁን አፍ ስሰማ ኖሬያለሁ። አደኑ በሚካሄድበት ሜዳ የጎሣው ሽማግሌ ናቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ጉድጓዱ ግን የእሳቸው ሰዎች ነው፣ መንገድ መሪዎቹም የእሳቸው ልጆች ናቸው። ሁሴን በአስፋልት ዳር ወዳለችው ከተማ ደውሎ መርዶውን ነግሯቸው ኖሮ፣ ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር በጭነት መኪና ተሳፍረው መጥተዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ኩታ የደረቡ ሰው ናቸው። ለቅሶው ድንኳን ሲገቡ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ፍራሼ ላይ እንደተቀመጥኩ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። ሰው ነበር።»

ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የዕድሩ ሴቶች ትሪ አቀረቡላቸው፤ ውሃውን ጠጥተው ትሪውን ቀስ አድርገው ወደ ጎን አደረጉት። «ይብሉ እንጂ አባቴ» ሲሏቸው፣ «መንገድ ላይ በልተናል፣ ጠግበናል» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ትሪ መጣ። እሱም እንደዚያው።

በዚህ መሃል የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ተጨንቋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ጽጌ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለኝ። «እንግዶቹ ሆቴል ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የጉዞው ነገር ሁሉ በጌታሁን ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሐጂ ካልፈቀዱ ደግሞ ውሃም መሪም የለንም። እኔን ብዙም አያውቁኝም። አንቺ አንድ ቃል ብትያቸው እምቢ አይሉሽም።»

ጉዞው እንዲሄድ እኔም ፈልጌ ነበር። የጌታሁን የመጨረሻ ዕቅድ ነው። ያሰርነው ሸራ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ያ ጉዞ ከቀረ እሱ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሞት መሰለኝ። በዚያ ላይ የሰዎቹን ትሪ እያየሁ ከፍቶኝ ነበር፤ ባሌን ብለው ከዚያ ድረስ መጥተው እህሉን ሳይቀምሱ ሊሄዱ ነው። አንድም ላከብራቸው፣ አንድም ላባብላቸው ብዬ ተነሳሁ። ሴቶቹ «ኧረ ተቀመጪ፣ ሐዘንተኛ አይነሳም» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ከወጡ መሃል መልካሙን ሥጋ መርጬ ጠቅልዬ ሐጂ ኡመር ፊት ተንበረከክሁ።

«ሐጂ፣ በጌታሁን ይዤዎታለሁ። ከእጄ ይጉረሱልኝ።»

ሐዘንተኛ ተነስታ ስታጎርስ ማን አይቶ ያውቃል? አንዳንዶቹ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። እጄ ከጢማቸው ሥር ደርሷል። እሳቸው አፋቸውን አልከፈቱም። ፊታቸውን ግን አላዞሩም። ዓይን ዓይኔን አዩኝና መዳፋቸውን ከእጄ ሥር ዘረጉ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ስጪኝ፤ ኋላ እበላዋለሁ።»

የጌታሁን ታላቅ ወንድም ተፈራ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ተፈራ ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የሚጣላውን ሰው ይፈልግ ነበር።

«ምነው ሐጂ!» አለ ጮክ ብሎ። «ከሐዘንተኛ እጅ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?»

«አልመለስኩም፣ ወንድሜ። ይኸው ይዤዋለሁ።»

«ጉርሻ በእጅ ይያዛል? ጉርሻ የሚገባው አፍ ነው!»

«ተው ተፈራ» አለው አንድ ሰው ከወንበሮቹ መሃል።

«እንዴት እተዋለሁ? ወንድሜ እነዚህ ሰዎች ጋ ሲመላለስ ነው ዕድሜው ያለቀው። ዛሬ እህሉን ተጸየፉት! ትሪውን ሁለቴ ሲመልሱ አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። እንዲህ የምትንቁት ከሆነ ለምን መጣችሁ?»

አብረዋቸው ከመጡት አንዱ ሊነሳ ሲል ሐጂ ኡመር ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። ከዚያ ያደረጉትን እኔ ብቻ በቅርብ አየሁት። ወጡ በጣቶቻቸው መሃል ሊንጠባጠብ ሆነ። ሰው ፊት መሬት እንዳይወድቅ የኩታቸውን ጫፍ ሳቡና ጉርሻዬን ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ነጭ ኩታ ነው። ወጡ ወዲያው ዘልቆ ቀላ።

ያን ጊዜ ገባኝ።

የሚውጠኝ መሬት አጣሁ። የማላውቀው ነገር ቢሆን ይሻል ነበር። በቤቴ ለዓመታት ሲታሰብ፣ ሲወራ፣ እኔም ስቀልድበት የኖርኩት ነገር ነው። ጌታሁን ለማያውቀው መንገደኛ እንኳ ይህን ሳያስብ መኪና አያስነሳም ነበር። እኔ ግን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሥልስቱ፣ እንግዳውን እርም ላጎርስ ተንበረከክሁ። ያውም በስሙ ይዤ።

ተነስቼ «ዝም በል ተፈራ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ ሴቶቹ በእኔ ደግነት እያለቀሱ ነው። ተንበርክኬ ቀረሁ። ተፈራ ስድቡን ቀጠለ፤ እሳቸውም ለእኔ ሲሉ ተሰደቡ።

ሁሴን የገባው በዚህ መሃል ነው። ከጠዋት ጀምሮ የድርጅቱ ግቢ ውስጥ የመኪናውን ጭነት ሲያሰናዳ ውሎ፣ የሰዎቹን መምጣት አልሰማም ነበር። ሐጂን ሲያይ ፊቱ በራ። እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ያልተነካውን ትሪ አየ፤ ከዚያ ኩታቸውን አየ። በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቃቸው። ባጭሩ መለሱለት። ሁሴን ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁ የሚሰማም አልነበረም።

«እትዬ ጽጌ፣ በጉን ማን ባረከው?»

«ማን ይባርከዋል?» አለ ተፈራ። «እኔ ነኛ!»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እኔን አየ፣ ትሪውን አየ። የገዛ ቃሉ ጆሮው ላይ ሲደርስ አየሁት። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተራ በተራ ገባቸው፤ አንዷ ሴት «ውይ በሞትኩት» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ሊደውል የሚሄድ መስሎ ወጣ።

የሐጂን ጉልበት ይዤ አለቀስኩ። ለባሌ ካለቀስኩት ይልቅ ያን ጊዜ ያለቀስኩት ይበዛል። «ይቅር ይበሉኝ» ደጋግሜ አልኩ።

«ምንም አልሆነ» አሉ። «ሐዘን ዓይን ያሳውራል።»

«ሁሴን አሁኑኑ ሌላ በግ ይባርካል። ከጎረቤት ከእነ ዘሃራ ቤት ድስት እናመጣለን» አልኳቸው።

«አይሆንም። ለቅሶ ነው የመጣነው፤ ድግስ አይደለም።» ከዚያም፣ «ጌታሁን እኛ ዘንድ ሲመጣ» አሉ፣ «ከመኪናው ሳይወርድ፣ ‹ከእናንተ መሃል ዛሬ ያልበላ ማን ነው?› ይል ነበር። የተኩስ ወሬ ኋላ ነው። እኛ ለእሱ ነው ጉድጓዳችንን የከፈትነው።»

ወቀሳ አልነበረም፤ ባሌን ማመስገናቸው ነው። እኔን ግን እንደ አለንጋ ገረፈኝ።

ሊሄዱ ሲነሱ ተፈራ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ «አባቴ፣ አፌን ክፉ አድርጌብዎታለሁ» አለ።

«ወንድም የሞተበት ሰው የሚለውን አይሰሙትም» አሉት። ትከሻውን መታ መታ አደረጉና አለፉት።

ከድንኳኑ ወርደው ከአንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁሴን ዳቦና ሻይ አመጣላቸው። የዳቦውን ቁራሽ እየቆረሱ ሲበሉ ከግቢያችን በር ይታያሉ። ጠዋት ተነስተው ሲመጡ ምንም አልበሉም ነበር፤ «መንገድ ላይ በልተናል» ያሉት እኛን ላለማሳፈር ነው። ሰፈርተኛው ያልፋል፣ ያገድማል። የባሌ እንግዶች፣ የባሌ ድንኳን ተተክሎ፣ አስፋልት ዳር ደረቅ ዳቦ በሉ። ሄጄ አብሬያቸው ልቀመጥ ፈለግሁ፤ ከበሩ ግን አላለፍኩም።

ስለ ጉዞው አንድ ቃል ሳልጠይቃቸው ነው የሄዱት። የጠየቀው ሁሴን ነው። ሲመለስ ሥራ አስኪያጁ ሮጦ ተቀበለው።

«ምን አሉ?»

«የጌታሁን ቃል የጌታሁን ነው አሉ። ሁሴን ካለ ይምጡ ብለዋል።»

ሰውየው እፎይ ሲል ሰማሁ። እኔ እፎይ አላልኩም። እምቢ ቢሉ፣ ቢቆጡ፣ ውሃውን ቢከለክሉ ኖሮ ቢያንስ የጥፋቴን ዋጋ አገኝ ነበር።

በማግስቱ ሁሴንና ሥራ አስኪያጁ ቤቴ ሲመጡ ጌታሁን የነገረኝን ሁሉ፣ የትኛው ጥላ ሥር እንደሚሰፍሩ፣ በየትኛው ማለዳ ወደ የትኛው ሜዳ እንደሚወጡ፣ የማስታውሰውን ያህል ነገርኳቸው። ለካ ብዙ ሰምቼ ኖሯል። ሄዱ። ሽማግሌው ፈረንጅ ግን ሳይተኩስ ተመልሷል አሉ፤ ጠመንጃውን ለልጁ ባል ሰጥቶ ካምፑ ውስጥ ተቀምጦ ሰነበተ።

ሲመለሱ ሁሴን በሬን አንኳኳ። ስከፍት በገመድ የታሰረች ነጭ ፍየል ከጎኑ ቆማለች። ከቆላ ድረስ በመኪናው ላይ አቁሟት ነው የመጣው።

«ይህች ደግሞ ምንድን ናት?»

«ሐጂ ናቸው። ከአደኑ ሥጋ ሊልኩልሽ ፈልገው ነበር። ግን እኔ ነኝ የባረክሁት፤ አንቺ አትበዪውም አሉ። ስለዚህ በሕይወቷ ውሰድላት፣ የራሷ ሰው ይባርክላት ብለዋል።»

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ሁሴን ገመዱን ሊያቀብለኝ እጁን ዘርግቷል፤ እኔ እጄን መዘርጋት አቃተኝ።

ፍየሏን ለጌታሁን አርባ ተፈራ ባረካት። ቢላዋውን ይዞ ብዙ ቆመ። «በስመ አብ» ሲል ድምፁ የሚሰማ አልነበረም። ሥጋው ሲቀርብ እኔም በላሁ፤ አለመብላት ሌላ ነውር ነውና። እያንዳንዱ ጉርሻ ግን በጉሮሮዬ ሲወርድ አውቀው ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሐፍረት ብዙ አስቤያለሁ። ሰው ክፉ ሥራ ሠርቶ ቢያፍር ንስሐ አለው፤ ካህን ጋ ይሄዳል። እኔ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «ይህማ ኃጢአት አይደለም ልጄ፣ ስሕተት ነው» አሉኝ። ስሕተት ለሆነ ነገር ቀኖና አይሰጥም። ስለዚህ ሐፍረቱ ከእኔ ጋር ቀረ። ሌሊት ጌታሁንን ሳስበው ፊቱ ከመምጣቱ በፊት ያ የቀላ ኩታ ይመጣል። ይህም ያናድደኛል፤ የባሌን ሐዘን እንኳ በቅጡ እንዳላዝን አደረገኝ።

አብሯችሁ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያወራውን ነገር፣ ሥራው ነው ብላችሁ፣ ወሬው ነው ብላችሁ አትለፉት። እኔ የባሌን ሥራ መንገዱንና ድንኳኑን አውቄ፣ ልቡን ሳላውቅ ኖሬ ነበር። ለእኔ የሁለት ድስት ጣጣ ነበር። ለእሱ ግን ሰው ቤቱ ወይም ሜዳው ላይ ተቀምጦ እንዳይራብ ነበር። ይህን ያወቅሁት እንግዳው ከበራችን ዳር ዳቦ ሲቆርስ ካየሁ በኋላ ነው።

ሐጂ ኡመርም ሞተዋል። ሁሴን ሲነግረኝ ለቅሶ ልድረስ ብዬ ከእሱ ጋር ወርጄ ነበር። ልጆቻቸው እኔን ሲያዩ ከሁሉ በፊት ያልታረደ ጠቦት አምጥተው አብሮን የሄደውን ክርስቲያን ሾፌር ጠሩት።

አሁን ከማስተማር ጡረታ ወጥቻለሁ። በዕድራችን የመስተንግዶው ኃላፊ እኔ ነኝ። ድንኳን ሲተከል በሩ ላይ እቆማለሁ፤ የሚገባውን እንግዳ፣ ከመቀመጡ በፊት፣ ምን እንደሚበላ እጠይቀዋለሁ።